ክራፍት ቢራ እንዴት ይቀመሳል? ከአንድ ተራ ቢራ ወዳጅ

ጠማቂ አይደለሁም፤ በቢራ የሚተዳደር ዘመድም የለኝም። የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብላ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሳምንቱ ሥራ ሲያልቅ አንድ ሁለት ብርጭቆ አዲስ ነገር መቅመስ እወዳለሁ፤ በቃ። ይህን የምጽፈው ጓደኞቼ "ከዚያ ሁሉ ውስጥ እንዴት ነው የምትመርጠው?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው።

ቢጠይቁ አይገርምም። አገር ቤት ያደግንባቸው ቢራዎች፣ ጊዮርጊስም ይሁን ሐረር፣ በደሌም ይሁን ሜታ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ላገር ናቸው። ቢጫ፣ ቀዝቃዛ፣ ጥም የሚቆርጥ። በስማቸው እንከራከራለን እንጂ ዘራቸው አንድ ነው። እንዲህ የለመደ ሰው ሃያ ምናምን ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ሲቆም ግራ ይገባዋል። ከዚያ ወይ "ሃይኒከን የላችሁም?" ይላል፣ ወይ ከሁሉ ጠንካራውን አዝዞ ፊቱን ያጨማድድና "ይሄ ደግሞ ኮሶ ነው!" ብሎ ዳግመኛ አይመለስም።

እኔ ግን ጠላና ቡና ያሳደገው ምላስ ለዚህ ነገር ከማንም ይቀርባል ባይ ነኝ። መራራውን በጌሾ እናውቀዋለን። ጭሱን በታጠነ ጋን፣ የተቆላውን በአሻሮና በቡና፣ ኮምጣጣውን በእንጀራ። የሚቀረን በትንሽ በትንሹ፣ በተራ መቅመስ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ብቻ ልበል። አሜሪካ ውስጥ ክራፍት የሚባለው በትልልቅ የመጠጥ ኩባንያዎች ያልተያዘ፣ አነስተኛ ጠማቂ የሚሠራው ቢራ ነው። መነሻው የቤት ጠማቂዎች ናቸው። ቢራን ቤት ውስጥ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በፈረሙት ሕግ ነው። ያኔ በመላ አገሪቱ የነበሩት ቢራ ፋብሪካዎች ከመቶ ያነሱ ነበሩ፤ ዛሬ ከ9,000 በላይ ናቸው። እናቶቻችን ለጠላቸው የማንንም ፊርማ አልጠበቁም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

1. የሚጠመቅበት ቦታ ሂዱ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቅ ጣሳ ገዝታችሁ አትጀምሩ። ቢራው እዚያው ተጠምቆ እዚያው የሚቀዳበት ታፕሩም ግቡ። ትኩስ ነው፣ በትንሽ ብርጭቆ ይሸጡላችኋል፣ የሚቀዳው ልጅም ስለሚቀዳው ነገር ያውቃል።

በእኛ አካባቢ ሁለት ጥሩ መጀመሪያ አለ። ሲልቨር ብራንች ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው፤ "ግላስ ካስል" የሚሉትን የቼክ ዓይነት ፒልስነር ሞክሩ። ቨርጂንያ ላላችሁ ደግሞ አሌክሳንድርያ ውስጥ ፖርት ሲቲ አለ። በ2011 ነው የተከፈተው። "ኦፕቲማል ዊት" የተባለው የስንዴ ቢራው በ2013 በግሬት አሜሪካን ቢር ፌስቲቫል የወርቅ ሜዳልያ አግኝቷል፤ ቤቱ ራሱም በ2015 በዚያው ውድድር የዓመቱ ምርጥ አነስተኛ ጠማቂ ተብሏል። አዲስ አበባ ያላችሁ ቦሌ የሚገኘውን ቢር ጋርደን ኢን ታውቁታላችሁ፤ እዚያው የሚጠመቁትን ብሎንዲና ኢቦኒ፣ ቢጫውንና ጥቁሩን፣ ጎን ለጎን አድርጎ መቅመስ ጥሩ ትምህርት ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሂዱ። ማታ ሰው ይበዛል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ባርተንደሩ ለጥያቄ ጊዜ የለውም። መታወቂያ ያዙ፤ ፀጉራችሁ ሸብቶም ቢሆን ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ብዙዎቹ ወጥ ቤት የላቸውም፤ ደጃፉ ላይ የምግብ መኪና ይቆማል፣ ወይም ከውጭ ምግብ ማስገባት ይፈቅዳሉ። ደውላችሁ ጠይቁና ሳምቡሳችሁን ይዛችሁ ግቡ። በባዶ ሆድ ግን አይሆንም። መኪናውንም ቤት ተዉት፤ ወይ ሜትሮ፣ ወይ ኡበር። "ቅምሻ ብቻ ነው" እያሉ መሪ መጨበጥ የለም፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ በቁጥር ታዩታላችሁ።

2. ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር አንብቡ

የቢራ ስም አያሳስባችሁ። ጠማቂዎቹ በስም ይቀልዳሉ፤ አንዳንዱ የድመት ስም ነው፣ አንዳንዱ እነሱ ብቻ የሚገባቸው ተረብ። ከስሙ ሥር ያለውን ትንሽ ጽሑፍ እዩ። መጀመሪያ ዓይነቱ፦ ፒልስነር፣ ስታውት፣ አይፒኤ እያለ ይጽፋል። ቀጥሎ ኤቢቪ የሚሉት የአልኮል መጠን በመቶኛ። አንዳንዴም አይቢዩ የሚባል የመራራነት ቁጥር ይኖራል።

ዋናው ኤቢቪው ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ መደበኛ መጠጥ የሚባለው 12 አውንስ፣ ወደ 355 ሚሊ ሊትር የሚሆን፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ነው። አሁን 8 በመቶ የሆነ ቢራ በ16 አውንስ ብርጭቆ ቢቀርብላችሁ ስንት ጠጣችሁ? ከሁለት በላይ። በአንድ ብርጭቆ! "ሁለት ቢራ ብቻ ጠጥቼ ምን ነካኝ?" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አራት ጠጥቷል።

አይቢዩ ጠቋሚ እንጂ ዳኛ አይደለም። ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ከብቅሉ ጣፋጭነት የተነሳ ላይመር ይችላል። ቀለምም እንደዚሁ ያታልላል። ጥቁር ቢራ ሁሉ ከባድ የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ በቧንቧ የሚቀዳው ጊነስ ግን 4.2 በመቶ ብቻ ነው፣ ከብዙ ቢጫ ቢራ ያነሰ። በአንጻሩ ወርቅ የመሰለ፣ ጠርቶ የሚታይ የቤልጅግ ቢራ 8 እና 9 በመቶ ሆኖ ቁጭ ይላል።

3. በትንሽ ብርጭቆ እዘዙ፣ ከቀላሉ ጀምሩ

"ፍላይት" በሉ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ አራት ትንንሽ ብርጭቆ፣ እያንዳንዱ 4 ወይም 5 አውንስ፣ ይመጣላችኋል። አራቱም 5 አውንስ ቢሆኑና በአማካይ 6 በመቶ ቢሆኑ በድምሩ ሁለት መደበኛ መጠጥ ነው። ስለዚህ አንድ ፍላይት ለአንድ ከሰዓት ይበቃል። ፍላይት የማይሰጥ ቤት ከሆነ ጠብታ አስቀምሱኝ ማለት ነውር አይደለም፤ አንድ ሁለት በነጻ ያስቀምሳሉ። ጉርሻ ግን አትርሱ።

ለመጀመሪያ ቀን የምመክረው አራት ይህ ነው።

አንደኛው ፒልስነር ይሁን። የለመዳችሁት ላገር አባት ነው። በ1842 ቼክ አገር ፕልዘን ከተማ ላይ ነው የተወለደው። ከእሱ የምትማሩት ቀላል ቢራ ጣዕም የሌለው ቢራ እንዳልሆነ ነው። መጀመሪያ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ብቅል፣ መጨረሻ ላይ ንጹሕ መረር ያለ ነገር ምላስ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የስንዴ ቢራ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁለት ዓይነት አለ። የቤልጅጉ ዊት ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ ይገባበታል። ድንብላል! የእናታችሁን ቅመም ቤት ታሸቱበታላችሁ። የጀርመኑ ሄፈቫይሰን ደግሞ ምንም ቅመም ሳይገባበት ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል። ያን የሚያመጣው እርሾው ብቻ ነው። ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ "ሙዝ ጨምረውበት ነው እንጂ" ይላል። ባየርን ያለው ቫይንሽቴፋን የሚሠራው በብዙ ሱቅ ይገኛል፤ ገዝታችሁ አሽትቱት። ብጥብጥ ያለ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፤ ጉሽ ጠላ የጠጣ ሰው በዚህ አይደነግጥም።

ሦስተኛው ፔል ኤል። ካሊፎርንያ የሚገኘው ሴራ ኔቫዳ በ1980 የጀመረው ፔል ኤል አሜሪካን የሆፕስን ጠረን ያስለመደ ቢራ ነው። 5.6 በመቶ ነው፤ ካስኬድ ከሚባለው የሆፕስ ዘር የተነሳ የግሬፕፍሩት ልጣጭና ጥድ ጥድ ይላል። ሆፕስ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ ናቸው፤ ሁለቱም ያመርራሉ፣ ሁለቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛሉ። ልዩነቱ ሆፕስ መዓዛም መጨመሩ ነው።

አራተኛው ፖርተር ወይም ስታውት። ቡና የሚወድ ሰው እዚህ ይረታል። እስኪጠቁር የተቆላ ብቅልና ገብስ ነው ጥቁረቱንና የቡና፣ የቸኮላት ጣዕሙን የሚሰጠው። "ናይትሮ" የሚል ካያችሁ በናይትሮጅን የተቀዳ ማለት ነው፤ አረፋው ደቃቅ፣ አጠጣጡ ለስላሳ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ስታውት ጠጥቶ ወደ ፒልስነር የተመለሰ ሰው ውሃ የጠጣ ይመስለዋል።

4. ከመጠጣት በፊት እዩ፣ አሽትቱ

እኛ አረፋ አንወድም። ድራፍት ሲመጣ "ሙላው እንጂ!" ብለን አስተናጋጁን የምንጣላ ሰዎች ነን። እዚህ ግን አረፋውን ፈልጉት። መዓዛውን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ሁለት ጣት ያህል ይበቃል። ከጣሳ ስትቀዱ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ ጀምሩ፣ ግማሽ ሲደርስ ቀጥ አድርጋችሁ መሃሉ ላይ አፍስሱ።

ብርጭቆውን ከጎን እዩት። ከቢራው ወለል በታች ግድግዳው ላይ የተለጠፉ አረፋዎች ካሉ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም፤ ቅባት ወይም ሳሙና አለበት። አረፋው ቶሎ የሚሞተውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ሊፕስቲክም አረፋ ይገድላል። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ስትጎነጩ አረፋው በየጉንጩ ልክ ቀለበት እየሠራ ይወርዳል። በረዶ የተሸፈነ ብርጭቆ ቢሰጧችሁ ሌላ ጠይቁ፤ በጣም የቀዘቀዘ ቢራ አይሸትም፣ የማይሸት ቢራ ደግሞ ግማሹ የለም። ፒልስነር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል። ስታውት ከ10 እስከ 13 ሲደርስ ነው አፉን የሚከፍተው። ስለዚህ ጥቁሩን መጨረሻ ላይ ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው፤ እስክትደርሱበት ይሞቃል።

ከዚያ ብርጭቆውን አንዴ አዙሩና አጠር አጠር አድርጋችሁ አሽትቱ። መጀመሪያ የመጣላችሁን ቃል ያዙ፤ ሽሮም ቢሆን፣ ቆሎም ቢሆን፣ የዝናብ አፈርም ቢሆን። የፈረንጅ ፍራፍሬ ስም መደርደር አይጠበቅባችሁም። አንድ ጉንጭ ውሰዱ፣ አፋችሁ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ ዋጡት። እንደ ወይን ቀማሾች አይተፋም፤ መራራው የሚለየው ከዋጣችሁት በኋላ ነው። በመሃል ውሃ። የሚበላ ነገር ካስፈለገ ነጭ ዳቦ፤ እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ ምላስ ያዛባል።

ስልካችሁ ላይ የቢራውን ስም፣ ዓይነቱን፣ ኤቢቪውንና "እደግመዋለሁ" ወይም "አልደግመውም" የሚል አንድ ቃል ጻፉ። ይህን የሚንቅ ሰው በሳምንቱ "ያ ቢጫ ጣሳ ያለው ምን ነበር?" ማለቱ አይቀርም።

5. አይፒኤውን ለሁለተኛ ቀን

አይፒኤ፣ ማለትም ሆፕስ የሚበዛበት ኢንዲያ ፔል ኤል፣ የክራፍት ቢራ ንጉሥ ነው፤ ሰሌዳው ግማሽ እሱ ነው። ለምን አዘገየሁት? መራራው ከባድ የሆነውን መጀመሪያ የቀመሰ ሰው ስለሚሸሽ ነው። ከፔል ኤል በኋላ ሲመጣ ግን ተፈጥሯዊ ነው።

የዌስት ኮስቱ ዓይነት ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ በደንብ መራራ ነው። ከቨርሞንት የተነሳው ሄዚ የሚባለው ደግሞ ደፍረስ ያለ፣ ማንጎ ጭማቂ የመሰለ፣ መራራው የለዘበ ነው። ምሥጢሩ ሆፕሱ የሚገባበት ሰዓት ነው። ሲፈላ የገባ ሆፕስ ያመርራል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በሚብላላበት ጊዜ የገባ ግን መዓዛ ይሰጣል። መራራ የማይወድ ጓደኛ ካላችሁ ሄዚ አስቀምሱት። እኔ በበኩሌ ሄዚ ላይ ገበያው አበዛው ባይ ነኝ፤ ሰባት ሄዚና አንድ ፒልስነር ያለበት ሰሌዳ ሳይ እበሳጫለሁ።

6. ኮምጣጣና ጭስ

እነዚህ ለወደደ ናቸው። የጀርመኑ ጎዜ ጨውና ድንብላል ያለበት ቀለል ያለ ኮምጣጣ ነው፤ ለበጋ ሙቀት ይሆናል። ላምቢክ የሚባለው ደግሞ ብራሰልስ አካባቢ ነው የሚሠራው። ከብቅሉ የወጣውን ትኩስ ጭማቂ በሰፊ ክፍት ገንዳ ለሊቱን ያሳድሩታል፤ ከአየሩ የሚገባው እርሾ ያብላላዋል። ሰው ያዘጋጀው እርሾ አይጨመርም። ያልለመደው ሰው "ተበላሽቷል" ይላል።

ጭሱን ግን ማንም አበሻ ሳይቀምስ እንዳይቀር። ጀርመን አገር ባምበርግ ከተማ ራውኽቢር የሚባል ቢራ አለ። ብቅሉን በእንጨት እሳት ጭስ ያደርቁታል። ሽሌንከርላ የሚባለው ቤት የሚሠራው ወደ አሜሪካም ይገባል። ፈረንጆቹ የመጀመሪያ ጉንጭ ላይ ይደነግጣሉ፤ የታጨሰ ሥጋ ሥጋ ይላቸዋል። በወይራ ከታጠነ ጋን ጠላ የጠጣ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል።

7. የተበላሸውን መለየት

የማትወዱት ቢራና የተበላሸ ቢራ ለየቅል ናቸው። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ አርጅቷል፤ አየር ገብቶታል። የቀለጠ ቅቤ የሚሸት ፒልስነር ወይ በደንብ አልተብላላም፣ ወይ የሚቀዳበት ቧንቧ አልታጠበም። የሚያቅለሸልሽ የጎማ ዓይነት ሽታ ካለው ብርሃን መትቶታል። ብርሃን ሆፕስ ውስጥ ያለውን ነገር ይለውጠዋል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ አያድኑትም፣ ቡናማው ይሻላል፣ ጣሳ ደግሞ ጨርሶ ብርሃን አያስገባም። መስኮት ላይ ፀሐይ እየሞቀ የተደረደረ ቢራ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥላችሁም አትግዙ።

ጣሳው ሥር የታተመውን ቀን እዩ። አይፒኤ ከሁለት ሦስት ወር በላይ ከቆየ መዓዛው ይሄዳል። ከባዱ ስታውት ግን ዓመትም ቢቆይ አይከፋም። ከባሕር ማዶ የመጣውን የአገር ቤት ቢራም ምግብ ቤት ስታዝዙ ቀኑን አንብቡ፤ ናፍቆት ያረጀ ቢራ ያስወድዳል።

8. ከእኛ ምግብ ጋር

በርበሬና አይፒኤ አይስማሙም። መራራውና አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሱታል። ለዶሮ ወጥ ሄፈቫይሰን ወይም ብቅሉ ጎላ ያለ ቀይ ቢራ፣ ለክትፎ ፒልስነር፣ ለጥብስ ራውኽቢር። ለሽሮ የቤልጅጉ ሴዞን ይሄዳል፤ ደረቅና ቅመም ቅመም የሚል ነው። ስታውቱን ለመጨረሻ፣ ከፈንዲሻና ከድፎ ዳቦ ጋር።

ለጿሚዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። "ሚልክ ስታውት" እና "ሚልክሼክ አይፒኤ" የሚባሉት ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ አለባቸው። ሌላው ቢራ ብዙ ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ ነው። በጾም ቢራ ይጠጣል ወይ የሚለውን ግን ለንስሐ አባታችሁ።

9. ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር

አራት ሰው፣ አራት ጣሳ፣ አንድ ዓይነት። አራት የተለያዩ ፒልስነሮች ለምሳሌ። አንድ ሰው ጓዳ ገብቶ ይቅዳና ብርጭቆዎቹ ሥር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ይለጥፍ። አንዱን ሁላችሁ የምታውቁት የፋብሪካ ቢራ አድርጉት፤ ስሙ ሳይታይ ስንተኛ እንደሚወጣ ማየት ያስቃል። የወይን ብርጭቆ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ መዓዛ ይሰበስባል። ሲኒ አይሆንም፣ ቀለሙ አይታይም።

ዕጣን አታጭሱ። ሽቶም አታብዙ። ቡናውንም ከቅምሻው በኋላ አፍሉት። ሁሉም ውጤቱን በወረቀት ጽፎ ሳይጨርስ አስተያየት መስጠት ክልክል ይሁን፤ አንድ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው "ይሄ አንደኛ ነው!" ካለ ሌላው ምላሱን ትቶ እሱን ይከተላል። ያሸነፈው ሲታወቅ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ጣሳ ሳይሆን ያንኑ ዓይነት ከሌላ ጠማቂ ግዙ።